በመቀስዎ ስለጠፋው ፍቅር፣ ለሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ

ጅማ፣ መስከረም 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጣሰው ገበየሁ፣

ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በተለይም የእጅዎን ብርታት አላህ እንዲጠብቅልን እየተመኘሁ፣ እኔ የመንደራ ቆጪ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ኑሪ፣ ባለፈው እሑድ ስላሳዩን የሕንድ ፊልም ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በርዎ ላይ የሰቀሉት ሥዕል ዝነኛውን ተዋናይ በአንድ እጁ ሽጉጥ፣ በሌላው ቆንጆዪቱን ይዞ ስለሚያሳይ፣ ከገጠሮቹ ከሰቃና ከየቡ ሳይቀር ሕዝቡ ጭቃውን እየረገጠ መጣ። ተዋናዩም ያን ሁሉ ሽፍታ ሲደበድብ ሸሚዙ እንኳ አልተጨማደደም። ጨርቁን ከየት እንደገዛው ቢያጠያይቁልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ለከተማችን ጨዋነት ተጨንቀው ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ በገዛ መቀስዎ ቆርጠው ስላወጡልን እናመሰግናለን። በዚህም ምክንያት ጀግናው አንድ ቀን እንኳ ላላያት ልጅ ሲል ከባቡር ዘለለ፣ ወንዝ ዋኘ፣ በመጨረሻም አገባት። ሲስም ያየነው ፈረሱን ብቻ ነው።

ሦስተኛው የራሴ ጉዳት ስለሆነ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያጥር ይቅር ይበሉኝ። የእጮኛዬን የፈድሊያን አባት፣ ሐጂ ቲጃኒን፣ ወደ ሲኒማ ቤትዎ ያመጣኋቸው በስንት ልመና ነው። የታጩ ልጆች ዘመድ ባለበት ሁለት ቃል ቢነጋገሩ ነውር እንዳልሆነ አይተው ልባቸው ይራራል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ፊልሙ ሲያልቅ በደስታ ብድግ ብለው፣ «ማሻአላህ! ኑሪ፣ ወንድ ማለት ይሄ ነው! ዓይኗን ሳያይ አገባት! አንተም ሰርግህ እስኪደርስ በደጄ እንዳትታይ» አሉኝ። ሰርጋችን ደግሞ ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ከተሸጠ በኋላ ነው። እስከዚያ እሑድ ድረስ ከፈድሊያ ጋር በአጥሩ በኩል ሰላምታ እንኳ እንለዋወጥ ነበር፤ አሁን ያም ቀረ። ናፍቃኛለች፣ አቶ ጣሰው።

ስለዚህ ፊልሙን አንድ ጊዜ ብቻ ሳይቆረጥ እንዲያሳዩና ሐጂን ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የጨዋነትዎ አድናቂ፣ የመቀስዎ ሰለባና የዘወትር ታዛዥዎ፣
ኑሪ ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመስቀል ያዘዙኝ ሱሪ ደርሷል። የእርስዎን ሙያ ተከትዬ ከጭን እስከ ጉልበት ያለውን ቆርጬ አውጥቼ፣ ላይና ታቹን አሳምሬ ገጥሜዋለሁ። ቁራጩ በእጄ ነው፤ ሐጂ ቲጃኒ ፊልሙን ሙሉውን ያዩ ዕለት፣ እርስዎም ሱሪዎን ሙሉውን ይለብሳሉ።