የሚዘረጋው ተሳቢ

ጥቅምት 9 ቀን 1963

ከጉንደ ወይን ተመለስኩ። ወገቤ ተቆርጧል። አስያ ውሃ አሙቃ ጠበቀችኝ፤ እግሬን ነክሬ ተቀመጥኩ። ምን ሆነሃል አለች። ደከመኝ አልኳት። አንተ መቼ ሳይደክምህ ቀርቶ ያውቅና አለች። እውነቷን ነው፤ ባሏ ከሆንኩ ጀምሮ የምነግራት ይኸንኑ ነው።

ከብት መክተቡ አይደለም የሚያደክመኝ። ባለቤቱ ቀንዱን ይይዛል፣ እኔ መርፌዬን እወጋለሁ፣ አለቀ። የሚያደክመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው… ማደሪያው። እንግድነቱ። ስንት ዓመት በሰው መደብ ላይ? ቁንጫው ይቅር፣ ትኋኑም ይቅር። የሚብሰው ምግቡ ነው። እነሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም፣ እኔ ያረድኩትን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ ዶሮዋን ከነነፍሷ ከቢላ ጋር ያቀርቡልኛል። አንተው አርደህ ብላ ነው።

ትናንት ያሳደረችኝ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያለቻት ዶሮ አንዲት፣ እሷም እንቁላል ጣይ። አይሆንም ብል፣ ጠግቤያለሁ ብል፣ ብምል… ወይ ፍንክች። እንግዳ ቤቴ ጦሙን አድሮ ነገ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ አለችኝ። አረድኩ። ብቻዬን በላሁ። ልጆቿ ምድጃው ጥግ ተደርድረው ያዩኛል። አይነኩትም፣ ያዩኛል ብቻ። እንዴት ይዋጣል? ዋጥኩት።

ጥቅምት 12

መሥሪያ ቤቱ ጓሮ የተጣለች አሮጌ ተሳቢ አለች። ትንሽ ናት፣ በላንድሮቨር የምትጎተት። ሣር በቅሎባታል። ዛሬ ዞር ዞር ብዬ አየኋት። ብረቷ ደኅና ነው፤ ጎማዋ ነው የሞተው። እሷ ላይ ሣጥን ቢሠራስ? ስንሄድ የሚዘጋ፣ ስንቆም የሚዘረጋ… መኝታ፣ ማብሰያ፣ የመድኃኒት ቦታ። ማንንም ሳላስቸግር የማድርበት።

ኃላፊውን ጠየቅኩ። ከፈለግህ ውሰዳት፣ ሳንቲም ግን ከእኔ አትጠብቅ አለኝ። ሾፌራችን ወልደጊዮርጊስ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቆይቶ ግን ትኋን የበላውን አንገቱን እያከከ፣ እረዳሃለሁ አለ።

አስያ ስትሰማ፣ ኤሊ ልትሆን ነው እንግዲህ አለች።

ጥቅምት 18

ወረቀት ላይ ስስል ዋልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሲናን ወረዳ መንገድ ከመኪናው የሰፋ ነገር አያሳልፍም። ስለዚህ ሣጥኑ ጠባብ መሆን አለበት። ጠባብ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው እንዴት ይተኛል?

ጎንና ጎኑ ወደ ውጭ ቢወርድስ! ግድግዳ የነበረው ሲወርድ አልጋ ይሆናል። በግራ የእኔ፣ በቀኝ የወልደጊዮርጊስ። ከላይ ሸራ። ከኋላ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ የሚሳብ ማብሰያ… አንድ ሳይሆን ሁለት፣ የእሱ ድስት ለብቻ፣ የእኔ ድስት ለብቻ። መሐል ላይ የክትባቱ የበረዶ ሣጥን።

አናጢው አወቀ ሥዕሌን አገላብጦ አየና፣ ይኼ ቤት ነው ቁም ሣጥን አለኝ። ሁለቱንም ነው አልኩት። የአልጋውን ልክ ስጠኝ ሲለኝ መሬት ላይ ተጋደምኩለት። በእኔ ቁመት ለካ።

ጥቅምት 27

ረመዳን ገብቷል። አፌ ደርቆ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ መዶሻ እይዛለሁ።

የግራው ጎን ደረሰ። ቸኮልኩ። ወረደልኝ ብዬ ጋደም ከማለቴ ተሳቢዋ ከነእኔ ተገለበጠች። አወቀ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ወልደጊዮርጊስ ሲያነሣኝ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለ። ክንዴ ተልጧል። እግር ያስፈልጋታል… በየጥጉ የሚወርድ የብረት እግር። እንዴት ይኼን አላሰብኩም?

ኅዳር 10

ያለወቅቱ ዘነበ። ሸራውና ሳንቃው የሚገናኙበት ውሃ አስገብቶ ፍራሹ ራሰ። ተስፋ ቆረጥኩ፣ እውነቱን ልናገር። ምን አለበት እንደ ሰው ዝም ብዬ ባድር?

አስያ ወጥታ አየችው። የቤት ክዳን ከግድግዳው ወጣ ብሎ አይደል የሚያፈሰው፣ የአንተ ሸራ ምን ሊያደርግ ወደ ውስጥ ገባ አለችኝ። ሸራውን ገፍፋ ወስዳ በእናቷ የስፌት መኪና ቀጠለችበት። ለእኔ ብላ እኮ ነው። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልላት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ኅዳር 24

ዒድ አለፈ። ተሳቢዋም አለቀች፣ አልሐምዱሊላህ። ግቢ ውስጥ ዘረጋናት። ግራ ወረደ፣ ቀኝ ወረደ፣ እግሮቿ ቆሙ፣ ሸራው ተወጠረ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። አስያ ገብታ ተጋደመችና፣ ከቤታችን ይኼ ይሻላል፣ እኔ እዚህ ልቅር አለች። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ኅዳር 29

ከጮቄ ተራራ ማዶ ደስታ በሽታ ገብቷል፤ ከብቱ እየረገፈ ነው አሉ። ወደዚህ ከመሻገሩ በፊት የሲናንን ከብት መከተብ አለብን። የደስታ ክትባት ከተወጋ በኋላ የሚይዘው ቀናት ቆይቶ ነው። የቀደመ ይተርፋል፤ የዘገየ… ያ አላህ።

ታኅሣሥ 6

የሲናኗ ሮብ ገበያ ከተማ ገባን። መንገዱ አጥንቴን አላቀቀው፤ ተሳቢዋ ግን አንድ ብሎን አልጣለችም።

እዚህ ስመጣ ሁልጊዜ የማድረው ጋሽ እንዳላማው ቤት ነው። የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ከብታቸውን ሲያወጡ ሁሉም ያወጣል። ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ሰንበት እኔ ስመጣ ወተቱን ከልጅ ልጆቿ አፍ ነጥቃ ነው የምታቀርብልኝ። ዘንድሮስ ይረፉ ብዬ ሜዳው ላይ አቆምን። ዘረጋን። የራሴን በላሁ፣ በራሴ አልጋ ተኛሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወልደጊዮርጊስ ከወዲያኛው ክንፍ፣ መኳንንት ሆንን እኮ አለኝ።

ታኅሣሥ 7

የገበያ ቀን። ሰው ከቦን ዋለ። ራቅ ብለው ያያሉ፣ አይጠጉም። ሁለቱ ጎን ሲወርድ አንዲት ሴትዮ አማተበች።

ጋሽ እንዳላማው በበቅሎ አለፉ። ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። ራሳቸውን ብቻ ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ቸኩለው ይሆናል።

ታኅሣሥ 8

ጠዋት ጀምሬ መርፌዬን ቀቅዬ ጠበቅኩ። አንድ ጥጃ እንኳ የለም። ሌላ ጊዜ ሜዳው አይበቃም ነበር። ምን ሆኑ?

ታኅሣሥ 9

ዛሬም ማንም። በረዶው እየቀለጠ ነው።

ታኅሣሥ 10

ወልደጊዮርጊስ ጠላ ቤት ገብቶ ወሬ ይዞ መጣ። ፊቱ ልክ አይደለም።

አንዱ፣ ግብር ሊጥሉብን ከብት ሊቆጥሩ ነው ይላል። ገበሬው በግብር ሳቢያ ከመንግሥት የተጣላበት ጠብ ገና ከሰው ልብ አልወጣም፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ሌላው፣ በሽታው ያለው ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ባይሆን ምን ያዘጋዋል ይላል። ይኼ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። ወልደጊዮርጊስ ጫማውን እያየ የመጨረሻውን ነገረኝ። ሐምዱ ቤታችንን ተጸየፈው ይላሉ አለ።

እኔ? እኔ ልጸየፍ?

ታኅሣሥ 11

በእግሬ ጋሽ እንዳላማው ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ተቀመጥ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። 

"ቤቴ ምን አደረገህ?" አሉኝ።

ምንም አልኩ። ላስቸግራችሁ አልፈልግም ብዬ ነው አልኩ። የልጆቻችሁን ወተት እየጠጣሁ፣ የድሀ ዶሮ እያረድኩ መኖር ሰለቸኝ፣ አፈርኩ፣ ደከመኝ… ሁሉንም ነገርኳቸው። የጉንደ ወይኗን ሴት ሳይቀር። ሲሰሙኝ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቸገረን ብለን ነገርንህ? ዓመት ዓመት ከብታችንን በመርፌ ስትወጋ ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል፤ መድኃኒት ይሁን መርዝ በምን ታውቃለህ ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ማዕዴን የቀመሰ ሰው ነው፣ ቤቴ ያደረ ሰው ነው፣ ከብቴን አይገድልም እላለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ዘንድሮ ምን ልበላቸው?"

ደግ ሠራሁ ብዬ ያቺን ሁሉ ሳንቃ ስላግ ይህን እንዴት አላየሁም? ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ፣ አገሩን አውቃለሁ የምል ሰው!

እትዬ ወለተ ሰንበት ከውስጥ፣ አሁን ግባ፣ ብርድ ይመታሃል አለችኝ። ገባሁ። እነሱ የነቢያት ጾም ላይ ናቸው፤ ወተት አይቀምሱም። ለእኔ ግን ቀረበልኝ። ጠጣሁ። መደቡ ላይ አደርኩ። ቁንጫው እንደ ድሮው ነው።

ታኅሣሥ 12

ጋሽ እንዳላማው ገና በጠዋት ሁለቱን በሬዎቻቸውን ራሳቸው ነድተው ወደ ሜዳው ወጡ። መጀመሪያ የወጋሁት የእሳቸውን ነው። ከዚያ አገሩ ተነቃነቀ። እስኪመሽ ቀና አላልኩም። ክንዴ አይታዘዘኝም።

ታኅሣሥ 14

በረዶው ቀልጦ ከተበላሸው የተረፈውን ክትባት አሟጠጥን። ወልደጊዮርጊስ ሌላ ሊያመጣ ወረደ።

ታኅሣሥ 19

አንደኛው የጋሽ እንዳላማው በሬ፣ ዳማው፣ አልበላም አለ። ሄጄ አየሁት። ዓይኑ ያለቅሳል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል። አፉን ከፈትኩ። ድዱ ቆስሏል።

ደስታ ነው። ክትባቱ ሳይይዝ ቀደመው። ለብቻው እሰሩት አልኩ።

ታኅሣሥ 22

ሞተ። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርነው። የጎረቤት ላምም አብራ ሄደች። የቀረው ከብት እስካሁን ደኅና ነው። የቀረው ሁሉ። ግን ማን ይሄን ይቆጥርልኛል?

እትዬ ወለተ ሰንበት ለሰው እንደሚለቀስ አለቀሰች። ጋሽ እንዳላማው አፈሩን በእግራቸው ደልድለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ምነው በሰደቡኝ! በመጣሁ ማግስት ወግቼው ቢሆን ይተርፍ ነበር? ላይተርፍም ይችላል። ይተርፍ ነበር… አላውቅም። ሳላውቀው ልኖር ነው።

ታኅሣሥ 23

ዕቃዬን ይዤ ወደ ተሳቢዋ ተመለስኩ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። እትዬ ወለተ ሰንበት፣ ልጄ ቢያንስ እራትህን ብላ አለች። አልቻልኩም። እነሱ ፊት ወተት ልጠጣ? አልጋዬ ምቹ ነው። እንቅልፍ ግን የለም።

ታኅሣሥ 30

ወልደጊዮርጊስ ለገና ወደ ቤቱ ወርዶ ተመለሰ። እኔ አልሄድኩም። የታመመ ከብት ካለ ማየት አለብኝ ብዬ ለአስያ ላክሁባት። ምክንያት ነው። አስያ ነቅታብኛለች፤ ሥጋና በርበሬ ልካ፣ ኤሊው ጭንቅላትህን አውጣ ብላ አስላከችብኝ።

አዲስ የታመመ ከብት የለም።

ጥር 6

ትናንት ረቡዕ ገበያው ተበተነ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎኖቹን እየዘረጋን ነበር። ጋሽ እንዳላማው መጡ። በቅሎ የለም፣ ሰው የለም፣ በትራቸውን ይዘው ብቻቸውን። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። እጄ ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ።

ስለ በሬው አላነሡም። ብቻ፣ አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤት ጋር ተቀናጅተናል፣ እርሻው አይቆምም አሉ። ተሳቢዋን ዞረው አዩ። የብረት እግሯን በበትራቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ከፊቴ ቆመው፣

"የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድረኝ" አሉኝ።

የሚቀልዱ መሰለኝ። ጋሽ እንዳላማው ቤትዎ እኮ ያውና፣ ጭሱ ይታያል አልኳቸው።

"መሽቶብኛል" አሉ። "ቤት ሠርተህ የለ? ቤት ያለው ሰው እንግዳ አይመልስም።"

ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ ለማለት ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ! በመጨረሻ ወልደጊዮርጊስ ነው ያለልኝ።

ምን ላብላቸው? ድስቴ ውስጥ ያለው እኔ ያረድኩት ነው፤ ደግሞም ረቡዕ ነው። ተራወጥኩ፣ አንዱን መሳቢያ ሳብኩ፣ ሌላውን ሳብኩ። ሳቁብኝ። የገብስ ቆሎ አለህ አይደል አሉ። ነበረኝ። ሦስታችንም ከአንድ ቁና በላን። ቆሎውን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ ባዶ ቤት አይደለም፣ እንግዳ ያጠግባል አሉ። ሰው ሲመሰግነኝ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፤ ጨለማው ሸፈነልኝ።

አልጋዬን ለቀቅሁላቸው። እግራቸው ወደ ውጭ ተረፈ። ለእንግዳ የሚሆን ክፍል አላሰብኩም እኮ፣ አንድም ቦታ። ጋቢዬን በእግራቸው ላይ ጣል አድርጌ እኔ ከተሳቢዋ ሥር ድርቆሽ ላይ አደርኩ።

ነጋ። ፀሐይ ወጥታ ጎኑን ሁሉ አሙቃዋለች። እሳቸው እስካሁን ተኝተዋል፤ ያንኮራፋሉ። ወገቤ ተቆርጧል። ወልደጊዮርጊስ መንገድ አለብን ብሎ ሊቀሰቅሳቸው ሲል እጁን ያዝኩት።