የፉሪው አጥንት

መስከረም 24 ቀን 2008
ፉሪ ዋልኩ። ከኦቦ ጉታ ማሳ ጥግ የወጣውን የጥንት ሰው ጥርስ ለዲኤንኤ ምርመራ ወሰድን። ውጭ አገር ይላካል፤ የድሮ ሰዎች ከየት ወዴት እንደተጓዙ ይነግረናል። ኦቦ ጉታ መጡ። ከአባቴ ሱቅ ጨው ሲገዙ እያየሁ ነው ያደግሁት። በጓንት መጨበጥ ነውር መሰለኝ፤ አወለቅሁ። "አካም ጅርታ፣ ሩዋይዳ?" ወሬ ያዝን... ጥርሱን መልሼ ያነሳሁት በባዶ እጄ። በአልኮል ጠረግሁት። ማንም አላየም።

ኅዳር 30
ውጤት መጣ። የጥርሱ ባለቤት በእናቱ በኩል ከባሕር ማዶ ነው፤ ከየመን። አለቃዬ በሪሁን በደስታ ሊዘል! "በቃ፣ እዚህ ሁሉም መጤ ነው። ማክሰኞ የመሬት ስብሰባው ላይ ይነበባል።" ከተማዋን ወደ ፉሪ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ሰዎች የኦቦ ጉታን ማሳ ይፈልጉታል። የዛሬ አራት ሺህ ዓመት የሞተ ሰው ስለ መሬት ካርታ ምን ያውቃል? አስጠሉኝ። በፕላኑ ተቃውሞ የሰበታ መንገድ ዛሬም ተዘግቷል።

ታኅሣሥ 1
የእናቴ አያት የመናዊት ነበረች... የእኛ ዲኤንኤ ከናሙናው እንዳይቀላቀል ለማጣራት የሰጠነውን የሠራተኞቹን የምራቅ ውጤት ከፋይል አውጥቼ ከጥርሱ ጋር አስተያየሁት። አንድ ነው። የጥንት ሰው አይደለም። እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 2
ለበሪሁን ነገርኩት። "ማን ያውቃል? ዝም በይ" አለኝ፣ ሳምቡሳውን እያላመጠ። እኔስ? ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት እኔስ? ጥርሱን በባዶ እጄ መንካቴን ለውጭው ላቦራቶሪ ጻፍኩ። ስሜንም ጨምሬ።

ታኅሣሥ 5
ውጤቱ ተሰረዘ። ስብሰባው ላይ አልተነበበም። እፎይ ልል ስል በሪሁን ተነስቶ፣ "ሌላ አጥንት ያለው ያምጣ፣ እንመረምራለን" አለ። ሕዝቡ መሃል ኦቦ ጉታ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ።

ታኅሣሥ 8
ኦቦ ጉታ ቢሮ መጡ። እጃቸው አፈር በአፈር፣ የማዳበሪያ ከረጢት ታቅፈው። "አባ ኮቲ" አሉኝ። አባቴ ናቸው ማለታቸው ነው... የገዛ አባታቸውን ቆፍረው አውጥተዋል!
"ስልሳ ዓመት ከማሳው ዳር ነው የተኙት። መርምሪና ንገሪያቸው፣ ልጄ።"
በሪሁን ብድግ ብሎ ምን ቢሰጣቸው ጥሩ ነው? ፎርም። ፎርም!
የሥራ መታወቂያዬን ፎርሙ ላይ ጣልኩለት። "ይነሱ፣ እንሂድ" አልኳቸው።
ፉሪ ድረስ በሚኒባስ፣ ከረጢቱ ጭኔ ላይ። "ሳይመረመሩ?" አሉኝ ሁለቴ። ከረጢቱን ይበልጥ አቀፍኩት። አብረን መልሰን ቀበርናቸው። ኦቦ ጉታ አፈሩን ሲያለብሱ አባታቸውን ይቅርታ ይሉ ነበር፤ "ዲፈማ፣ አባ... ዲፈማ።"
እሳቸው ምን አጠፉ? አጠገባቸው ተንበርክኬ እኔም "ዲፈማ" አልኩ።