የግራ እጃቸው ድርሻ፦ የወይዘሮ ሠርካዲስ ግዛው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሠርካዲስ ግዛው ከአባታቸው ከአቶ ግዛው ወርቁ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢትዮጵያ ደምሴ መጋቢት 12 ቀን 1946 ዓ.ም በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በረዳት ነርስነት ሠለጠኑ፤ በይርጋለምና በአዋሳም ሃያ ዓመት ያህል አገለገሉ። በ1969 ዓ.ም ከመምህር ብዙነህ አየለ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሔርሜላንና ጳውሎስን አፈሩ። ባለቤታቸው በ1987 ዓ.ም በሞት ሲለዩዋቸው ልጆቹን ብቻቸውን አሳደጉ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው አይወዱም ነበር፤ ይህ ጠባያቸው ኋላ ላይ ብዙ አበሳጭቷቸዋል።

በ1998 እ.ኤ.አ. ከልጆቻቸው ጋር ወደ ዴንቨር መጥተው፣ ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ታናሽ ወንድማቸው ባሕሩ በተከራየው አፓርትመንት አረፉ። ይህን ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው። በ2001 በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ ሲቀጠሩ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ርቀው ለሚኖሩ አቶ ሱጊማን ለተባሉ የኢንዶኔዥያ፣ የጃቫ ደሴት ሰው ተመደቡ። ሐሙስ ሐሙስ የእኚህ ሰው አራት ወዳጆች መጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡና ጋሜላን የሚባለውን የጃቫ ሙዚቃ ለጎረቤት እንኳ በማይሰማ ድምፅ ይጫወቱ ነበር። የአቶ ሱጊማን መሣሪያ ገንዴር ይባላል፤ ዝርግ ነሐሶች በገመድ ተንጠልጥለውበት በሁለት መምቻ የሚመታ ነው። ግራ እጅ አንድ ዜማ፣ ቀኝ እጅ ሌላ ዜማ ይዞ ይሄዳል። ይህ አልበቃ ብሎ፣ ቀጣዩን ነሐስ ሲመቱ የቀደመውን በዚያው እጅ ጠርዝ ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል። የአቶ ሱጊማንን ግራ እጅ ግን ስትሮክ ወስዶት ነበር።

የወይዘሮ ሠርካዲስ ሥራ ያንን እጅ ማሸትና ማንቀሳቀስ ነበር። ሽማግሌው ደክሟቸው ይብቃኝ ሲሉ "ገና ነው" ይሏቸዋል። አንድ ሐሙስ አቶ ሱጊማን ዜማው መሐል ተናድደው መምቻውን ወረወሩት። ወይዘሮ ሠርካዲስ አንሥተው ሊያቀብሏቸው ሲሉ እጃቸውን ይዘው በግራ በኩል አስቀመጧቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሰዎች አንድ ገንዴር ተጫወቱ፤ ቀኙ የአቶ ሱጊማን፣ ግራው የወይዘሮ ሠርካዲስ ሆነ። ሽማግሌው ምስጋና የሚባል አያውቁም። ወይዘሮ ሠርካዲስ ቢሳሳቱም ባይሳሳቱም "ገና ነው" ይሏቸው ነበር፤ ከአማርኛ የተማሩት ይህንኑ ብቻ ነው።

አቶ ሱጊማን በፌብሩዋሪ 2004 ሲያርፉ ልጆቻቸው ገንዴሩን ለወይዘሮ ሠርካዲስ ሰጧቸው። ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ወዳለው ቤታቸው አምጥተው ሲቀመጡበት ነው ጉዱ የታየው። ከእያንዳንዱ ዜማ የሚያውቁት ግማሹን ነው። የቀኙን በጆሯቸው ያውቁታል፣ ያንጎራጉሩታልም፤ እጃቸው ግን እምቢ አለ። ቀኙ ሲጀምር ግራው ይጠፋል። አንድ ዜማ፣ አንድ ብቻ፣ ከነሁለት እጁ እስከ መጨረሻው መስማት ነበር ምኞታቸው። አምስት ዓመት ሞከሩ። ሲያቅታቸው ወደ ማዕድ ቤት ሄደው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ከትፈው ይመለሳሉ። ቤተሰቡ በእነዚያ ዓመታት የበላው ሽንኩርት ለጉድ ነው።

መፍትሔው ቅርብ ነበር። ወንድማቸውን "አንተ ቀኙን ያዝልኝ፤ እኔ እያዜምኩ አስተምርሃለሁ" ብለው ለመኑት። የኤርፖርት ሻትል የሚነዳው ባሕሩ "እትዬ፣ ደብል ሺፍት ሠርቼ ነው የመጣሁት፤ ኔክስት ዊክ ስታርት እናደርጋለን" አላቸው። ያ ኔክስት ዊክ አምስት ዓመት ፈጀ። እውነቱ ሲነገር ድካም ብቻ አልነበረም። ሙዚቃው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ አይገባውም ነበር፤ በዚያ ዕድሜው እህቱ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ተማሪ መታረምም አልፈለገም። ይህን መጻፍ የሕይወት ታሪክ ወግ እንዳልሆነ ያውቃል። ቢሆንም በራሱ እንደተናደደ ሰምታችሁ ሂዱለት።

በማርች 2009 ወይዘሮ ሠርካዲስ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ባሕሩ ቀኙን የያዘው ያኔ ነው። ገንዴሩን አልጋቸው አጠገብ አቅርቦ፣ እሳቸው ሲያንጎራጉሩ እሱ ይመታል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። በኦገስት የአንዱን ዜማ የመጀመሪያ መስመር ቻለ። በዚያው ወር የእህቱ ግራ እጅ መምቻ ማንሣት አቃተው። አንድም ቀን አብረው አልተጫወቱም። በመጨረሻው ሳምንት ያቺኑ መስመር ደጋግሞ ሲመታላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡትና "ገና ነው" አሉት።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ቅዳሜ ኦክቶበር 3 ቀን 2009 በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከልጅነታቸው ወዳመኑት ጌታ ሄዱ። ሔርሜላን፣ ጳውሎስንና ወንድማቸውን ባሕሩን ትተው አልፈዋል።

ዛሬ ከጸሎቱ በኋላ አራቱ የሐሙስ ወዳጆች ከመድረኩ ፊት ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ባሕሩ ከገንዴሩ በቀኝ በኩል ሆኖ የሚያውቃትን አንድ መስመር ይመታል። በግራ በኩል ባለው ቦታ ላይ እባካችሁ ማንም አይቀመጥ። ዜማው ጎደሎ ሆኖ ይሰማችኋል፤ የጎደለው የሳቸው ድርሻ ነው። ጌታ ነፍሳቸውን ደስ ብሎት ይቀበል፤ ለወንድማቸውም የቀረውን እስኪማር ዕድሜ ይስጠው።