የማርቆስ ሄድፎንና የእኔ ጆሮ

እሑድ

«ግራው ደካማ ነው» አልኩ፤ የማርቆስ ፊት ጠቆረ። ምን ላድርግ? የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።

ዛሬ ሄድፎን አምጥቶ የማስፈተን ተራው የእሱ ነበር። ከሶዶ በዴሳ ሚኒባስ ይነዳል፤ አክስቱ ከዱባይ ስትመጣ ሄድፎን እንድታመጣለት ለምኖ ስንት ወር ሲጠብቅ ከረመ። በፎጣ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው የገባው። ጥቁር፣ ትልቅ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ለስላሳ። አምሮበታል።

የተሰበሰብነው እንደወትሮው ሽኩር ሱቅ ጀርባ፣ መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ እሱ የዐስር ሶላቱን ሰግዶ ከተመለሰ በኋላ። አራት ነን። ባለሱቁ ሽኩር፣ ሾፌሩ ማርቆስ፣ ባንክ የሚሠራው ኤልያስ፣ እና የሒሳብ መምህርቷ እኔ። ባለቤቴ «የደንቆሮዎች ማኅበር» ይለናል። በጤናው ጆሮውን ደፍኖ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም ይላል።

ደንባችን ግን የዋዛ አይደለም። የሚያዳምጠው ሰው ወደ ሳሙና ካርቶኖቹ ዞሮ ይቀመጣል፣ ፊቱን ማንም እንዳያነብበት። ሁላችንም የምንሰማው አንድ መዝሙር ነው፤ እኔ የማሠለጥነው መዘምራን የዘመሩት፣ የቀዳሁትም እኔው። ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ፣ ጭብጨባው መሐል። ከዚያ እያንዳንዱ ፍርዱን በብጫቂ ወረቀት ጽፎ ሽኩር ቆብ ውስጥ ይጥላል።

ወረቀቶቹ ሲነበቡ የእኔ ይቀድማል። ይህ ደንብ አይደለም፤ ቀስ በቀስ የመጣ ልማድ ነው። «የአስቴር ጆሮ» ይላሉ። ደስ ይለኛል። በራሴ ደብተር ላይ ምን አስዋሸኝ።

የጻፍኩት፦ «ግራው ደካማ። ሴቶቹ ከሩቅ ነው የሚዘምሩት።» ኤልያስ «በጣም ጥሩ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ የእኔን ሲሰማ «እኔ እንኳ ልብ አላልኩትም፤ አስቴር ካለች አለ ማለት ነው» አለ። ሽኩርም የራሱን ወረቀት አንሥቶ የጻፈውን ሰረዘ። ማርቆስ የራሱን ሳያስነብብ ከቆቡ አውጥቶ ኪሱ ከተተው። ሄድፎኑን በፎጣው ጠቀለለና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ሰኞ

ዘጠነኛ ቢ። በመስኮቱ በኩል፣ ማለትም በግራዬ፣ አንዲት ልጅ ጥያቄ ጠየቀች። አልሰማሁም። ክፍሉ በሙሉ «ቲቸር፣ ቲቸር» ሲል ነው የዞርኩት። ሳቁብኝ።

ቤት ገብቼ የራሴን ሄድፎን አጠለቅሁ፣ ለማረፍ። ሴቶቹ ሩቅ ናቸው። የራሴ፣ ስንት ዓመት የማውቀው ሄድፎን!

ገልብጬ አጠለቅሁት፣ የግራውን በቀኝ። ሴቶቹ በቀኝ ጆሮዬ ጥርት ብለው መጡ። አሁን የራቁት ወንዶቹ ሆኑ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ለመፍታት ጠመኔ አያስፈልገኝም። የደከመው የማርቆስ ሄድፎን አይደለም። ግራ ጆሮዬ ነው።

አባዬ ወንጌላዊ ነበር። መስማት ያቆመው በእኔ ዕድሜ ነው። መጨረሻ ላይ ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ ሰው ዝም ሲል ዝም ይላል፤ ለምን እንደተሳቀ ግን አያውቅም። እኛ ልጆቹ ደግሞ መድገም እየሰለቸን «ተወው አባዬ፣ ምንም አይደለም» እንለው ነበር። ዛሬ እሱን እያሰብኩ ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ የተማርኳቸው ዘዴዎች፦

ክፍል ውስጥ ግራዬን ወደ ሰሌዳው ማድረግ።
ባለቤቴ ሲያወራ በስተግራው መሄድ።
ቀኝ ጆሮ ላይ ብቻ ስልክ።
ያልሰማሁትን «እስቲ በደንብ አብራራው» ማለት። ይኼኛው ሰውን ብልህ ያስመስላል።

ማታ የመዘምራን ልምምድ ነበር። ጎኔን ሰጥቻቸው ቆምኩ። አንዷ ሶፕራኖ «ዛሬ ተቆጥተሻል እንዴ?» አለችኝ። አልተቆጣሁም አልኩ፤ ስናገር ግን እንደ ቁጣ ሆነ።

ስመለስ ሽኩር ከሱቁ ደጃፍ ጠራኝ። «አስቱ፣ ያ ማርቆስ ምን ነካው? ትናንት ባትሪ ሊገዛ መጥቶ ሰላም እንኳ በቅጡ አላለኝም።» እኔ እንጃ አልኩት። አውቅ ነበር። ማርቆስን ጠርቼ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ይህን ካልኩ የሚቀጥለውን ማለት አለብኝ፤ የሚቀጥለው ደግሞ የአባዬ ነገር ነው። ከአፌ አልወጣልኝም።

ረቡዕ

እንደምንም ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ተማሪዬ የነበረች ናት፤ ሒሳብ ላይ ታስቸግረኝ ነበር፣ ዛሬ ተበቀለችኝ። በባትሪ ወደ ጆሮዬ አየች። ደግማ አየች።

«ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ ምን ከተቱ?»

ጥጥ! ቤተ ክርስቲያን ትልልቆቹ ስፒከሮች ከተገዙ ጀምሮ እሑድ እሑድ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እከታለሁ። ጆሮዬን ለመጠበቅ፣ የአስቴር ጆሮ እንዳይጎዳ! ለካ አንዷ ቁራጭ ውስጥ ቀርታ ከኩክ ጋር ደርቃለች። እንደኔ ለጆሮው የሚሳሳ ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ማንም አይሠራውም።

ተስፋ ግን አልሰጠችኝም። ሦስት ቀን ጠብታ፣ ቅዳሜ እጥበት። «ከታጠበም በኋላ ካልሰሙበት ሐዋሳ ሪፈር እጽፍልዎታለሁ» አለች። የአባቴን ነገር ነገርኳት። «ቅዳሜ እናያለን ቲቸር» ብቻ አለች።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ለማርቆስ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ባለመሥራቱ ትንሽ ቀለለኝ። አፍሬያለሁም።

ሐሙስ

የአንድ ለአምስት ስብሰባ። ሁሉም በቀኜ እንዲሆኑ ከጥግ ተቀመጥኩ። ጸሐፊያችን ቃለ ጉባኤውን ሲያነብ ግማሹን ሰማሁ፣ ሙሉውን ፈረምኩ።

እንዳለቀ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ። ማርቆስን ጎማ ሲቀይር አገኘሁት። ሰላምታውን እንደጨረስን፣ ልቤ ሳይከዳኝ፣ «ሄድፎንህን አምጣው፣ ምንም የለውም» አልኩት።

«የለም እኮ ቲቸር። በበግ ለወጥኩት።»

በበግ! ትናንት፣ በዴሳ፣ አቶ ዳና ከሚባሉ እህል ነጋዴ ጋር። በጉ ማርቆስ ግቢ ታስሯል።

ሁሉንም ነገርኩት። ጥጡን፣ ጠብታውን፣ አባዬንም ጭምር። ከሰኞ ጀምሮ አውቄ ዝም ማለቴን ነገርኩት። እዚያው ጎማው ላይ ቁጭ አለ።

«ቲቸር፣ እኔ ወረቀቴ ላይ ‹እንደዚህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም› ብዬ ነበር የጻፍኩት። እርስዎ ደካማ ነው ሲሉ፣ የእኔ ጆሮ ነው የማይረባው አልኩ። ከዚያ ሞተሩንም ስሰማው ተጠራጠርኩ። ማክሰኞ አንድ ነገር የሚንኳኳ መስሎኝ መካኒክ ጋር ወሰድኩት። ምንም የለውም አለኝ። ተሳፋሪ ጭኜ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የፈረድኩት ሄድፎኑ ላይ መስሎኝ ነበር።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «በጉን እንመልሳለን» አለ። «ሚስቴ ግን ታዝናለች፣ ስም አውጥታለታለች።»

ዓርብ

ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። እኔ ጋቢና፣ በጉ ከኋላ። ተሳፋሪዎቹ ማን ቀድሞ እንደተሳፈረ እየጠየቁ ሲቀልዱ በዴሳ ደረስን። መንገድ ላይ በጉ ሲጮህ በግራዬም የሰማሁት መሰለኝ። ጠብታው ይሁን ምኞቴ አላወቅሁም።

አቶ ዳና በቆሎ የሚሸጡት ከወፍጮ ቤት አጠገብ ነው፤ ግድግዳው አንድ ነው። ወፍጮው ሲነሣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው በጆንያዎቹ መሐል ተቀምጠዋል፤ የማርቆስን ሄድፎን አጥልቀዋል፤ ፊታቸው ላይ የሰንበት ዕረፍት ይነበባል። ምን እያዳመጡ ይሆን ብዬ ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩ። ተጠቅልሎ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ገብቷል። ምንም ላይ አልተሰካም!

ማርቆስን አየሁት። በዓይኑ የመጣውን እንባ ሳቅ ይሁን ሌላ ለማወቅ ቸገረኝ።

ሄድፎኑን አውልቀው በወላይትኛ አስረዱን። ይህ ወፍጮ ከተተከለ ጀምሮ ራሳቸውን ያማቸው ነበር። ይህን ነገር ካገኙ ወዲህ ግን ሰላም ነው። ወፍጮው አለ፣ ግን ሩቅ ነው። ማታ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በጉ? በግ ምን አላት፣ ሌላ ትወለዳለች።

ማርቆስ አልቻለም። ገመዱን ከኪሳቸው አውጥቶ ስልኩ ላይ ሰካና «አባባ፣ እስቲ አንዴ ይስሙት፤ ለዚህ ነው የተሠራው» አለ። መዝሙሩን ከፈተላቸው። አቶ ዳና ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ አወለቁት።

«ሎኦ ነው» አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «ግን ጫጫታ አለው።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ሽኩር ቆብ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርድ ገብቶ አያውቅም። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ያን ጊዜ ነው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ሄድፎኔ ትዝ ያለኝ። ሁለቱም ወገን ከሞተ ቆይቷል፤ መጣል ሆዴ አልችል ብሎ ነው ያስቀመጥኩት። ስፖንጁ ግን ከማርቆስ ሄድፎን የበለጠ ወፍራም ነው። ነገርኳቸው።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ፣ ምንም አያወራም?»

«አባባ፣ በድን ነው።»

«እንግዲያው እሱን አምጡልኝ፤ ይሄን ውሰዱ። እስከዚያ ግን አልሰጥም፤ ዛሬ ከወሰዳችሁት ወፍጮው እኔን ይፈጨኛል።» በጉን እዚያው አሰርን። ማርቆስ ሲለየው ራሱን ዳበሰው።

ቅዳሜ

ጠዋት በድኑን ሄድፎን ለማርቆስ ሰጠሁትና ወደ ክሊኒክ ሄድኩ።

ለብ ያለ ውኃ በሲሪንጅ። አንድ ጊዜ፣ ምንም። ሁለት ጊዜ፣ ምንም። በሦስተኛው ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ተገለበጠና ዓለም በግራዬ ተመልሶ ገባ። የቧንቧው ጠብ ጠብታ። ኮሪደር ላይ የሚጎተት ወንበር። ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሳይቋረጥ። ነርሷ ትሪው ላይ የወጣውን አሳየችኝ፤ የበቆሎ ፍሬ የማታክል ነገር! አለቀስኩ። እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሒሳቧን ሁሉ ይቅር አልኳት።

ከኋላዬ ቆማ በሹክሹክታ አንዳንድ ቃል እየተናገረች አስደገመችኝ። በቀኝ ሁሉንም። በግራ አንዱ አመለጠኝ። «ከእጥበት በኋላ ያጋጥማል፤ በወሩ ይምጡና እንየው» አለች። እሺ። ወር እጠብቃለሁ። በወሩ ደግሞ እፈራለሁ።

ከሰዓት ማርቆስ ደወለ። በግራ ጆሮዬ አነሣሁት። ሄድፎኑን ተቀብሏል። አቶ ዳና በድኑን አጥልቀው ወፍጮው እስኪነሣ ጠበቁና «ይሄኛው ይሻላል» አሉ አለኝ።

እሑድ

ያለ ጥጥ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ እንጂ።

መጋዘኑ ውስጥ ሁሉንም ለሽኩርና ለኤልያስ ተናዘዝኩ። ጥጧ ላይ ስደርስ ኤልያስ በሳቅ ከካርቶኑ ሊወድቅ ነበር። ሽኩር ሳቁን ጨርሶ ቁም ነገር ተናገረ፦ «ጥፋቱ የኛም ነው። እኔ ጥሩ ነው ብዬ ጽፌ ነበር እኮ፣ ምን አሰረዘኝ? ከዛሬ ጀምሮ የአስቱ ወረቀት መጨረሻ ይነበብ።» አልተቃወምኩም። ትንሽ ደበረኝ እንጂ።

የማርቆስን ሄድፎን እንደገና ሰማን። ግሩም ነው። ሴቶቹ አጠገቤ ቆመው ዘመሩልኝ። አራቱም ወረቀት አንድ ሆነ።

ከዚያ የእኔ ሄድፎን ተራ ደረሰ። ማርቆስ ወደ ካርቶኖቹ ዞሮ ከሁላችንም ረዘም ላለ ጊዜ ሰማ። መዝሙሩን ወደ ኋላ መልሶ ሰማ። ወረቀቱ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ «በቀኙ ውስጥ የሚርገበገብ ነገር አለ። ወንዶቹ ድምፃቸውን ወፈር ሲያደርጉ።»

ሽኩርም ኤልያስም አልሰሙም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ተቀብዬ አጠለቅሁ፣ ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ምንም።

«እኔ አልሰማሁም» አልኩ።

ማርቆስ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «አለ» አለ። «ይከፈት።»

ሽኩር የቀኙን ስፖንጅ ቀስ ብሎ አላቀቀው። ከውስጥ፣ ስሷ ሽፋን ላይ፣ አንዲት ረጅም ፀጉር ተጋድማለች። የእኔው ናት። ማርቆስ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሳየኝ።

ጆሮዬ ገና ስላልዳነ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የታመመው ግራዬ ነው፤ ይህ በቀኙ ነው፣ በደኅነኛው። ሰበብ የለኝም። ማርቆስ ከእኔ የተሻለ ይሰማል። ይህን ስጽፍ ቅር ይለኛል፤ ከቅሬታዬ ግን ደስታዬ ይበልጣል፣ ነገ ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሣ የሰማውን ያምናልና።