በድምፅ ብልጫ ስለተሰነጣጠቁት ክሪስታሎቼ

ለተከበሩ የፋኩልቲያችን ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ ለዶክተር ኦስቫልዶ ፔይራኖ
ሞንቴቪዴዮ

ክቡርነትዎ፣ ለራስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ከብብትዎ ለማይለየው የማቴ ሻይዎ የፍል ውኃ ፔርሙስም ጭምር ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ፣ ምድር ቤት ውስጥ የፕሮቲን ክሪስታል የማበቅለው ኔልዳ ባራቶ፣ ደህና ነኝ፤ ክሪስታሎቼ ግን ደህና አይደሉም።

ከብቶቻችንን ከሚፈጀው መዥገር ምራቅ ከወጣ ፕሮቲን ዘጠኝ ክሪስታል ለማድረስ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ሐሙስ ውስጣዊ ቅርፃቸውን የሚያነሣው፣ ብራዚል ያለው የኤክስሬይ ማሽን ዘንድ መድረስ አለባቸው፤ ይህ ተራ ካመለጠን ሌላው የሚደርሰን ከዓመት በኋላ ነው። ለጉዞው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛሉ፤ ውኃቸው በረዶ ሠርቶ እንዳያበላሻቸው አስቀድመው መከላከያ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራሉ። የትኛው እንደሚስማማቸው የሚታወቀው ተሞክሮ ነው። ምክር ቤቱ ግን ከዚህ ድካም ሊገላግለኝ ድምፅ ሰጠበት፤ ውለታው የሚረሳ አይደለም። ቅር ያሰኙኝ ጥቂት ነገሮች እነሆ፦

፩ኛ/ ለምርጫ ከቀረቡት ሁለት መከላከያ ፈሳሾች ግሊሰሪን አሥራ አራት ድምፅ ሲያገኝ የስኳር ውኃ በሦስት ወደቀ። የወደቀበትም ምክንያት ክቡርነትዎ ብድግ ብለው፣ «የማቴ ሻዩን በስኳር የሚጠጣ ሰው እንኳ አላምንም፣ እንኳን ክሪስታል! ኧረ ተዉን!» ማለትዎ እንደሆነ ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ሞኟ እኔም ስቄ ነበር።

፪ኛ/ ውሳኔውን አክብሬ ስድስቱን ግሊሰሪን ውስጥ ነከርኳቸው፤ ስድስቱም ዓይኔ እያየ ተሰነጣጠቁ። አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም። አቤት ብል የምክር ቤቱ ጸሐፊ ወይዘሮ ማቤል ኩርቤሎ፣ «ምን ላድርግሽ የኔ እህት፣ የብዙኃን ድምፅ እኮ ነው» አሉኝ። ክሪስታሎቹ ይህን አልሰሙም መሰለኝ።

፫ኛ/ ይግባኜ ለዓርብ ተቀጠረ። ሐሙስ ከዓርብ እንደሚቀድም ለማስረዳት የተፈቀደልኝ ሦስት ደቂቃ አልበቃኝም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ቀልድዎና በማያውቁት ነገር ላይ ስላሳዩት ቆራጥነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ ለመሆን ሞክራ ያልሆነላት፣
ኔልዳ ባራቶ

ማሳሰቢያ፦ የቀሩትን ሦስቱን ዛሬ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ስኳር ውስጥ ነከርኳቸው። ሦስቱም ጥርት እንዳሉ ቀዝቅዘው ተሳፍረዋል፤ ክቡርነትዎ ሊከሱኝ ቢፈልጉ እኔም አብሬያቸው ወደ ብራዚል እየሄድኩ ነው። የስድስቱን ስብርባሪ ግን ከነማይክሮስኮፑ ጠረጴዛዎ ላይ ትቼልዎታለሁ። ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ውሳኔዎ ምን እንደሚመስል እስካሁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።