ሌላ ካቻቢቴ የማይፈታት ብሎን

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለአማኑ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይ? ሉሲስ እንዴት ናት? ልጆቹስ በረቱ? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ረጋ? ስለ ደቡብ አፍሪካ በዜና ክፉ ነገር በሰማን ቁጥር መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የእናንተ በር ነው። እኛ፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት እውነቱን ልነግርህ ስለሆነ ቃሉን ተውኩት።

ስትደውል ሁሌ "ሰላም ነው" እያልኩ የማሳጥርብህ ተቀይሜህ እንዳይመስልህ። ቤታችን እንደምታውቃት አንድ ክፍል ናት፤ ጉልላት ደግሞ አሁን ከቤት አይወጣም። የደረሰብንን ነገር ጮክ ተብሎ ሲነገር መስማት አይችልም። ለአማኑ ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስለው ግን አልከለከለኝም። "ሁሉንም ጻፊለት፣ ምንም እንዳታስቀሪ" አለኝ። እዚህ ቀራንዮ የምናውቃት ልጅ ወደ እናንተ አገር ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ።

ባለፈው የመጣህ ጊዜ ጉልላት ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያወራህ "ምነው ባልሽ ኮራብኝ" ብለህ ቀልደህ ነበር። ኩራት አልነበረም። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ ነበረች የምትንቀጠቀጠው። ከዚያ መዳፉ፣ ከዚያ እስከ ክርኑ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለን። መድኃኒቱ ያስታግስልሃል እንጂ አያድንህም፣ እየዋለ እያደረ ይብሳል ብሎ ሳይሸፍን ነገረው። ጉልላት የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሥራዬን እስከ መቼ እሠራለሁ የሚል። ሐኪሙ ሥራህ ምንድን ነው አለው። መነጽር እጠግናለሁ ሲለው የመድኃኒቱን ወረቀት መጻፍ ጀመረ።

የመነጽር ብሎን አይተህ እንደሆነ አላውቅም። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትተልቅም። በአንድ እጅ በወረንጦ ይዘሃት በሌላው እጅ በካቻቢቴ ታጠብቃታለህ። አየር ጤና ያለችው ሱቃችን ደግሞ ከደረጃ ሥር ያለች፣ ብርሃን የማይበዛባት ናት። ብሎኗ ከእጁ ትፈናጠርና ደንበኛው ቆሞ እያየው ጉልላት መሬት ላይ ተንበርክኮ ይፈልጋል። በኋላ እኔ ብሎኗን እየያዝኩለት እሱ ያዞር ጀመር። ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን ስንሠራ የታክሲ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያየናል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ሰው ሥራዬን ትቶ እጄን ማየት ጀመረ ይል ነበር።

ካቻቢቴውን ማግኔት አስነክቶ ሞከረ። የብዙ መነጽሮች ብሎን በማግኔት አይሳብም፤ የሚሳበውም ጫፉ ላይ ተጋድሞ ነው የሚለጠፈው። አንድ ቀን ብሎኖቹን በማጉያ መነጽር ሲያገላብጥ ውሎ ካቻቢቴው የሚንሸራተተው ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ስላለው ነው አለኝ። የሚነክሰው ነገር የለም። ስለዚህ ስንጥቁን ታች ድረስ እየጠበበ እንዲሄድ ማድረግ፣ የካቻቢቴውንም ጫፍ በዚያው ልክ ማሾል፤ ያኔ ጫን ሲያደርጉት ሁለቱ ተቀርቅረው ይያያዛሉ። የፍሬም ካርቶን ቀድዶ ጀርባው ላይ የብሎኗን አናት ድስት አክሎ ሳላት። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ ሁሉ የተንገጫገጨ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለእኔም ገባኝ።

አስኮ ትንሽ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ያለው ገመቹ የሚባል ሰው አለ፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ሥዕሉን አይቶ እንሞክረው አለ። የመጀመሪያዋ ብሎን ስንጥቋ ከመጥበቡ የተነሳ ካቻቢቴውን አልለቅም አለች፤ ስንጎትተው ገና ያልጠበቀችው ብሎን ተከትላው ወጣች። ቀጥሎ የሠራት ደግሞ ገና ስንገለብጣት ወደቀች። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደተመላለስን እግዜር ይቁጠረው፤ የስንጥቁን ጥበት በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ እየቀነሱ አስተካከሉት። ካቻቢቴው ወደ ጎን እንዳይሸሽ ስንጥቁ መሃል ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ፣ የካቻቢቴውም ጫፍ ላይ እዚያ የምትገባ ሹል ነገር ጨመሩበት። የተሳካለት ቀን ጉልላት ብሎኗን ካቻቢቴው ላይ ሰክቶ እጁን ወደ ታች ዘረጋ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ካቻቢቴው ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኗ ግን እንደተሰካች ናት። ገመቹ አቀፈው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

ያኔ ገመቹ አንድ ነገር ጠይቆት ነበር። "ሌላ መነጽር ሠሪ ሊፈታት ቢፈልግስ?" አለው። ጉልላት እየሳቀ "ወደ እኔ ይመልሷታል፤ እኔ የት እሄዳለሁ?" ብሎ መለሰለት። እኛም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ወንድም ጋሼ እንዴት ብዬ ልንገርህ። ባሌ ተመለሰልኝ። ብሎኗን ራሱ ያነሳል፣ ራሱ ያስገባል፣ ራሱ ያጠብቃል። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ሌንስ ከመወልወል በቀር ሥራ አልነበረኝም። የገባው መነጽር ሁሉ የድሮ ብሎኑ ወጥቶ በእሱ ብሎን እየተለወጠ ወጣ። ለአንተም ናሙናውን የላክንልህ በዚያ ሰሞን ነው። የመሣሪያ አስመጪው ወዳጅህ ወደደው ብለህ የደወልክ ቀን ጉልላት ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ነበር ያናገረህ፤ ታስታውሳለህ።

ጎረቤታችን እትዬ ሰርኬ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ፀሎት የምትባል። ያለ መነጽር መጽሐፍ ላይ ያለ ፊደል እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስባት ልጅ ናት፤ ቢሆንም ከክፍሏ የሚቀድማት አልነበረም። ባለፈው ሐምሌ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ስትል መነጽሯ ላልቶባት ወደ እኛ መጣች። ጉልላት ፍሬሙን አቃንቶ የሁለቱንም ሌንሶች ብሎን በራሱ ብሎን ለወጠላት። መርቆ ሸኛት።

አሁን ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እዚያው እያደሩ ነው የሚፈተኑት። ስልክ ይዞ መግባት የለም፤ ፈተናው ሳያልቅ መውጣትም የለም። ፈተናው ሊጀመር በዋዜማው ፀሎት አልጋዋ ላይ መነጽሯን አስቀምጣ ዞር ስትል አንዷ ልጅ ሳታይ ተቀመጠችበት። ፍሬሙ ተጣመመ፣ አንዱ ሌንስ ከቦታው ወጣ። ሌንሱን ለመመለስ ብሎኗ መላላት አለባት። አንድ ደግ አስተማሪ አዝኖላት መነጽሯን ከግቢው ውጪ ወዳለ ጠጋኝ ይዞላት ሄደ። ጠጋኙ ያለውን ካቻቢቴ ሁሉ ሞከረ አሉ። የእኛ ስንጥቅ ታች ጠባብ ስለሆነ ሌላ ካቻቢቴ ጫፉን ብቻ አስነክቶ ይንሸራተታል። ሲታገል የብሎኗን አናት ፈገፈጋት። መጨረሻ ላይ ፍሬሙን በፒንሳ ቆርጦ ሌንሱን ላስገባ ሲል ሌንሱ ተሰነጠቀ። ልጅቷ በአንድ ዓይኗ፣ ሌላኛውን በእጇ ሸፍና፣ ራሷን እያመማት ተፈተነች። ብዙውን ጥያቄ አንብባ ሳትጨርስ ሰዓቱ አለቀ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው መስከረም ላይ ውጤት ሲመጣ ነው። አላለፈችም። ክረምቱን ሙሉ ምንም አልነገረችንም፤ ምናልባት ካለፍኩ ነገሩ ይቀራል ብላ ነው መሰለኝ። መነጽሩን በመሃረብ ጠቅልላ ሱቃችን ድረስ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም ወንድም ጋሼ፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። "ጋሼ ጉልላት፣ ልወቅስዎት አይደለም የመጣሁት" አለችው። "ሌላ ሰው ላይ ካደረጉት ግን ያውጡለት። እዚያ ሆኜ እርስዎን መጥራት አልቻልኩም።"

ጉልላት መሃረቡን ፈትቶ የተፈገፈገችውን ብሎን ብዙ አያት። ቀና ሲል ልጅቷ ሄዳለች። እኔ በኋላ ላጽናናው ብዬ በዚህ ፈተና ካለፉት ይልቅ ያላለፉት ይበዛሉ፣ በሁለት ዓይኗም ብትፈተን ላይሆንላት ይችል ነበር አልኩት። "እሱን እንዳናውቅ ያደረግኳት እኔ ነኝ" አለኝ። "ለእጄ ብዬ የሠራሁትን ሰው ዓይን ላይ አሰርኩት።" ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተከራክሬው አላውቅም።

ያደረገው የነገረችውን ነው። ስልካቸውን የምናውቃቸውን ደንበኞች እየደወልን ጠራናቸው፤ ለሌሎቹ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍን። ሰዎቹ አንድ በአንድ መጡ። የራሱን ብሎን ለማውጣት አልተቸገረም፤ ካቻቢቴው ላይ እንደተሰካች ትወጣለች። በእሷ ቦታ የድሮውን ዓይነት ተራ ብሎን መመለስ ግን አልቻለም። ይሞክራል፣ ትወድቃለች፤ ይሞክራል፣ ትወድቃለች። ወረንጦ ይዤ ስጠጋ "ተይ፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለኝና ብቻውን ቀጠለ። አንዲት ሸምገል ያሉ ሴትዮ ቆመው ሲያዩት ቆዩና ካቻቢቴውን ቀስ ብለው ከጣቶቹ መሃል ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። "እሷ ትሥራው አባቴ፣ አንተ ትንሽ ዕረፍ" አሉት። ክፋት አልነበራቸውም፤ እንደ እናት ነው የተናገሩት። ጉልላት ወንበሩን ለቆልኝ በሩ ጋ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካቻቢቴ ነክቶ አያውቅም። የቀሩትን ደንበኞች እኔ ጨረስኩ፤ ያልመጡም አሉ። የት እንዳሉ፣ መቼ እንደሚቸገሩ አናውቅም። ሱቋን ለሌላ ሰው ለቀን እኔ አሁን ታክሲ ፌርማታው ላይ የተዘጋጀ የንባብ መነጽር አዞራለሁ።

እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ይውላል። መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት ስሰጠው "ለየትኛው ሥራ?" ይለኛል። አንዳንድ ቀን ይውጠዋል፣ አንዳንድ ቀን ትራሱ ሥር አገኘዋለሁ። ፀሎት በግል ተመዝግባ እንድትፈተን ገመቹ ወሬውን ሰምቶ መልእክት ልኮላት ነበር፤ እስካሁን እሺም እምቢም አላለችም። እናቷ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ዘይት ስትሸጥ አያታለሁ። እትዬ ሰርኬ ከመድኃኔዓለም ስንወጣ ፊት ለፊት ብንገናኝም ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ታልፈኛለች። አልፈርድባትም። እኔም እናት ብሆን እንደዚያው ነበርኩ።

ስለ ወዳጅህ የጠየቅከኝን ለጉልላት ነገርኩት። ብሎኗን ከነካቻቢቴዋ አሠርቶ ሊሸጣት ቢፈልግ ጉልላት ምን ይላል ብለህ ነበር። ካቻቢቴዋ ያልደረሰችበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይኖራል አለኝ። ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ናሙናውን ከሰውየው ተቀበልልን። ለማንም አታሳየው። ልፋትህን ከንቱ ስላደረግንብህ ይቅር በለን። እኔማ እውነቱን ልንገርህ፣ በሆዴ አንድ ቀን ይሆናል ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እሱን ተስፋ አድርግ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ጸልይልን። በስልክ ስትደውል ስለ ብሎን አታንሳበት፤ ስለ አገሩ አየር፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አጫውተው።

ሉሲን በመስታወት የራስሽን ጉንጭ ሳሚልኝ በልልኝ፤ እንዲህ ስል እንደምትስቅ አውቃለሁ። ብሩኬን ቁመትህ አባትህን ደረሰ ወይ ብላሃለች አክስትህ በለው። ትንሿን እሙን ዓይኖቿን ሳምልኝ። ገመቹም ሳላየው አውቀዋለሁና ሰላም በይልኝ ብሎሃል።

ጉልላት ሰላምታውን በራሱ እጅ ልጻፍ ብሎ ብዕሩን ተቀብሎኝ ነበር። ከስሜ በታች የምታየው የተጫጫረ መስመር የእሱ ነው። "እንደምን አለህ አማኑ" ነው የሚለው፤ ቀለም የፈሰሰበት እንዳይመስላችሁ።

እህትህ ፅዮን

ቀራንዮ፣ ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.