የመኪና ግርግር ድምፅ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ
ከት/ቤት መልስ። የፊዚክስ ደብተር ተከምሯል፤ ይከመር። ጓደኛዬ ዳግም ከአዲስ አበባ ድምፅ ልኳል። (ከዛሬ ጀምሮ ዳ. ነው፤ ሙሉ ስም አይገባውም።) አልበሙን አብረን እንሥራ ያለው እሱ ነው፦ በተዘጋ ፋብሪካ ብቻውን ስለቀረ ዘበኛ የሚተርክ ፊልምን መነሻ ያደረገ፣ ምት የሌለው፣ ጨለማ ሙዚቃ። የላከው ምንድን ነው? የጅብ ጩኸት! ከኢንተርኔት የወረደ። የኔን ሐረር የሚያውቃት በጅብ ብቻ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ጅብ የት አየ? ፊልሙን ከግማሽ በላይ እንዳላየው እምላለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ
ማስታወሻዬ፣ አንቺ ስሚኝ፤ እሱስ አይሰማም። መኪና ግርግር ሄድኩ፤ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን በራፍ ላይ የደረደሩበት መንገድ። አው ዩሱፍ፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት «አው» የሚላቸው፣ የአባቴን ሱሪ ሳይቀር የሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ድምፁ ጥርት እንዲል ጨርቁን ከመኪናው እንዲያነሱ ለመንኳቸው። ዝምም እንዲሉ፤ ሲሰፉ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ያወርዳሉ፣ ቀረጻ ያበላሻል። እሺ አሉ። ባዶውን መኪና ረገጡልኝ። ቤት መጥቼ ቀረጻውን ስምንት እጥፍ አዘገየሁት። አቤት! ፋብሪካ ማለት ይሄ ነው። ዳ. ይስማና ይፈር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
አልፈረም። ቆንጆ ነው ግን ሰው የለበትም አለኝ በስልክ። የጅብ ነጋዴ ስለ ሰው ሊያስተምረኝ! ወይ የኔ እንዳለ ይገባል ወይ ስሜን አውጣ አልኩት። እስከ ረቡዕ አስብበት አለ። የሁለት ዓመት ሥራ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ 10 ሰዓት
አው ዩሱፍ ይፍረዱን ብዬ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የኔ መኪና ናት አሉ፤ በዚያ ዝግታ እንኳ ለዩዋት! ደረቴ ተነፋ። ከዚያ፦ «ልጄ፣ ጨርቅ የለም እኮ። መኪና ያለ ጨርቅ የሚረገጠው ሲበላሽ ነው፤ ለሙከራ። ላንተ ብዬ ነው እንጂ፣ ወላሂ አፍሬያለሁ።» ያን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መኪናዎ ምን ሆነች እያለ ሲጠይቃቸው ዋለ።
ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ ባይ፣ ይህን አላውቅም። ከዳ. በምን እሻላለሁ? እሱ ቢያንስ ነፍስ ያለው ነገር አምጥቷል።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ
ለዳግም ደወልኩ (ስሙን መልሻለሁ)። ልክ ነህ፣ ሰው የለበትም አልኩት፤ እንደ ኮሶ መረረኝ። ጅቡ ግን ይወጣል፤ ተስማማ። የኔንም አጠፋሁት። ነገ ከት/ቤት መልስ፣ የተቀደደ ሱሪዬን ይዤ መኪና ግርግር። አው ዩሱፍን አስፈቅጄ መቅረጫውን አስቀምጣለሁ። እሳቸው ይስፉ፣ ሰለዋታቸውንም ያውርዱ። ዝም የምለው እኔ ነኝ።